ዓይንህን ጨፍን

ሮዳስና ዕንባቆም የተዋወቁት በባጃጅ ተጣልተው ነው። ሆሳዕና ገበያው አጠገብ ዝናብ አጣድፏቸው ሁለቱም «ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ» ሲሉ፣ ሾፌሩ ስቆ ሁለቱንም ጫናቸው። ሮዳስ እስክትወርድ አኮረፈችው። ከወረደች በኋላ ግን ዞር ብላ አየችው፤ አለቀ፣ ተያዘች።

ያኔ ዕንባቆም ጨዋታ አዋቂ ነበር። ሺንሺቾ ከተማ ሒሳብ ሲያስተምር ተማሪው እየሳቀ ይማር ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ የሮዳስ አባት አቶ ጠና እሺ ብለው፣ ቀለበት ካሰረላት በኋላ ግን ድባቴ ያዘው። ማስተማር ተወ፤ ቀስ በቀስ ማውራትም ተወ። መድኃኒቱም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎትም ጠብ አላለለትም። ሮዳስ ከአንጋጫ እየተመላለሰች አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ከዚህ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

በመጨረሻ አቶ ጠና «ልጄ፣ እስከ መቼ?» አሉ። ድባቴን በማግኔት የሚያክሙ ተመራማሪዎች ሆሳዕና መግባታቸውን ሰምተዋል። ሰዎቹ ማግኔቱ ማንን እንደሚያሽል የሚገምቱት አስቀድመው የአንጎሉን ሞገድ አንብበው ነው። «ይድናል ካሉ ሠርጉ በጥር ይሁን። አይሆንም ካሉ ግን ቀለበቱን መልሽ። እኔም አባት ነኝ።»

ሆሳዕና ሲሄዱ ተመራማሪዎቹ ለዕንባቆም ሽቦ የበዛበት ቆብ አጥልቀውለት «ዓይንህን ጨፍን፤ ዘና በል» አሉት። ሮዳስ ጥግ ይዛ ስታየው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጴንጤ ቤት ያደገ ሰው ዓይንህን ጨፍን ሲባል ሌላ ምን ያውቃል? ይጸልያል እንጂ።

ሐኪሟ ዶክተር ሱምያ ውጤቱን በለሰለሰ ድምፅ ነገሯቸው። «የመሻል ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግምት ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል። ግን ቦታው ጥቂት ነው፤ የምንቀበለው ተስፋቸው ከፍ ያለውን ነው።»

«ሲጸልይ እኮ ነው ያነበባችሁት» አለች ሮዳስ። «ይደገምለት፣ በእናትዎ።»

ዶክተሯ አልሳቁባትም፤ አስደገሙለት። በዚህኛው ከንፈሩ ዝም አለ። ውጤቱ ግን ያው ሆነ።

ሮዳስ እንደገና መለመን አማራት። ማንን ትለምን? ሐኪሟ አልከፉባት፣ ማሽኑ ጆሮ የለው። ወጥተው ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ምን ብለህ ነበር የጸለይከው?»

«አይሆንም እንዲሉ።»

«ለምን?»

«አባትሽ ቃላቸውን አያጥፉም። አንቺ በራስሽ አትተዪኝም፤ እኔም ተዪኝ የምልበት አቅም የለኝም። ለእግዚአብሔር ነገርኩት።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ይህን ያህል ሲያወራ ሰማችው። የናፈቀችው ድምፅ ይህን ይዞ መምጣቱ አንጀቷን በላው። ተናደደችበት፤ አሳዘናት፤ ከመቼውም ይልቅ ወደደችው።

«እኔ አሜን አላልኩም» አለች።

ስልኳ ጠራ፤ አቶ ጠና ናቸው። «ምን አሉ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አይሆንም አሉ፣ አባዬ።»

አቶ ጠና በተሰበረ ድምፅ «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ቃላችን ነው» አሉ።

ሮዳስ ቀለበቱን አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችው። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጠፈችለት እሷ ናት።

«መለስኩለት፣ አባዬ» አለች፣ የታጠፈውን እጅ እንደያዘች። «እኔ ግን ዛሬ አልመጣም።»