ድምፅ የማያልፍበት በር

እኔ ጂን፣ ዛር፣ መንፈስ ሲባል ከሚስቁት ወገን ነበርኩ። የተማርኩት የሕንጻ ሥራ ነው፤ የማምነውም በቁጥር ነበር። ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ የማገኘው ነገር የለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

ሚያዝያ 1970 ዓ.ም.። ቅዳሜ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ።

ቦታው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አሮጌ የድንጋይ ጎተራ ነው።

ጎተራው የአንድ ባላባት ነበር። በ66ቱ ረሃብ ውስጡ እህል ሞልቶ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ሰው ደጁ ላይ አልቋል እየተባለ ይወራል። አብዮቱ ሲመጣ ባላባቱ ሸሸ፤ ጎተራው የመንግሥት ሆነ።

እኔን የላከኝ ሹም ትዕዛዙ አጭር ነበር።

«እዚህ ውስጥ ሰው ቢጮህ ውጭ የቆመ እንዳይሰማው አድርገህ ሥራው።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያ ዘመን «ለምን» ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። ፈሪ ነበርኩ... ዛሬም አፍርበታለሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ፈንታው የሚባል የከላላ ግንበኛ ነው። እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ደግሞ መርፌ። «ኢንጅነሩ» እያለ ነው የሚያሾፍብኝ።

ከድንጋዩ ግድግዳ በስተውስጥ ሌላ የጭቃ ግድግዳ አቆምን። በሁለቱ መሃል የክንድ ያህል ክፍተት ትተን የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅንበት። መስኮቱን ደፈንነው። በሩን ድርብ ሳንቃ አድርገን፣ ጠርዙን ዙሪያውን በበግ አጎዛ ለበጥነው። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ቀጭን ስንጥቅ ካገኘ ሾልኮ ይወጣል።

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ስሌቴ እንዲህ ይላል። ውስጥ ዘጠና ዴሲቤል ቢጮህ ግድግዳው ስልሳውን ይውጠዋል። ለውጭ የሚተርፈው ሠላሳ ነው። ሠላሳ ማለት ከነፋስ ሽውታ ያነሰ ነው።

የቀረው ለክቶ ማረጋገጥ ብቻ ነበር።

ጎተራውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ጋሽ ብዙነህ ይባላሉ። በባላባቱም ጊዜ ቁልፍ ያዡ እሳቸው ነበሩ። አንድ ጠባያቸው ግን ይገርመኝ ነበር... ጀርባቸውን ለዚያ በር ሰጥተው አያውቁም። ምሳቸውን እንኳ ይዘው ርቀው ይሄዱና ከግራሩ ሥር ይበላሉ።

«እዚህ በር አጠገብ እህል አይወርድላቸውም» እያለ ፈንታው ይስቅባቸው ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የድምፅ ማጉያ ስላልነበረን ፈንታው ባዶ የዘይት ቆርቆሮና ዱላ ይዞ ገባ። እሱ ውስጥ ሆኖ ይመታል፤ እኔ ባለ መርፌ የድምፅ መለኪያዬን ይዤ አራቱንም ግድግዳ እዞራለሁ።

«ቀስ እያልክ ሁለት መቶ ጊዜ ምታ። ስትጨርስ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ ይከፈትልሃል» አልኩት።

«እሽ ኢንጅነሩ። ብቻ ረስተኸኝ ገበያ እንዳትወርድ!»

በሩ ገና ከውስጥ መክፈቻ አልተገጠመለትም። ጋሽ ብዙነህ ከውጭ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ጥግ ላይ ልስኑን ለማድረቅ ከጠዋት ጀምሮ የሚነድ የከሰል ማንደጃ ነበር። ማናችንም ልብ አላልነውም።

አንደኛውን ግድግዳ ለካሁ። መርፌው ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ። የነፋሱ ነው። የቆርቆሮው ድምፅ ጭራሽ የለም።

ሁለተኛው... ሦስተኛው... አራተኛው። ያው ሠላሳ አምስት። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ።

ዞሬ በሩ ጋ ስደርስ...

ቋ። ቋ። ቋ።

መርፌው ወደ ሰባ ዘለለ።

«ጨርሷል፤ ይክፈቱለት» አልኩ።

ጋሽ ብዙነህ አልተንቀሳቀሱም። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ከውስጥ አይደለም» አሉ በሹክሹክታ።

«እንዴት?»

«ጎንበስ በል... ከየት እንደሚመጣ ስማው።»

ጎንበስ አልኩ። የሚንኳኳው የበሩ ታችኛው ክፍል ነው፤ ከመሬት ቢበዛ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። የቆመ ሰው እዚያ ላይ አያንኳኳም።

«ያኔ በረሃቡም እንዲያ ነበር» አሉ። «መቆም ስላቃታቸው... ቁጭ ብለው ነበር የሚያንኳኩ።»

እጄን ሳንቃው ላይ አሳረፍኩ። እኔ በቆምኩበት በኩል... በውጭው ሳንቃ ላይ... ልክ ከመዳፌ ሥር ተንኳኳ።

ደጁ ላይ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም።

እንዳልጮህ ወደ ቁጥሬ ሸሸሁ። ውጭ ሰባ ከተሰማ ውስጥ መቶ ሠላሳ መሆን አለበት። መቶ ሠላሳ የመድፍ ድምፅ ነው እንጂ የሰው እጅ አይደለም። ስለዚህ የሚያንኳኳው ፈንታው አይደለም...

ክው አልኩ።

ፈንታው ቢያንኳኳማ እኔ እንዴት አድርጌ እሰማዋለሁ? ድምፅ እንዳያልፍበት ብዬ በሠራሁት በር፣ አንኳኩቶ እንዲጠራኝ ተስማምቼ ሰው ቆልፌበታለሁ! ይኸው ነው የእኔ ትምህርት። ሁለት መቶውን ከጨረሰ ቆይቷል። የከሰሉ ጭስም አብሮት ተዘግቷል።

«ጋሽ ብዙነህ ይክፈቱ! ፈንታው ይሞታል!»

ቁልፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ብከፍት ይገባሉ...»

«እነማን?»

«ያልከፈትሁላቸው።»

ማንኳኳቱ ባሰ። ሦስት መሆኑ ቀረ... አሁን የብዙ እጅ ነው። የትልቅም፣ የትንሽም። መርፌው እየተንቀጠቀጠ መጨረሻው ጥግ ላይ ተለጠፈ። ሳንቃው ሲርገበገብ በዓይኔ አየሁት።

«ጋሼ፣ በሞቴ!» አልኩ። «ይኼኛው እንኳ በሕይወት አለ!»

አዩኝ። ከዚያ አለቀሱ። የሽማግሌ ለቅሶ አልነበረም፤ ድምፅ አውጥተው እንደ ልጅ ነው ያለቀሱት።

«ታዝዤ ነው... ወላሂ ታዝዤ ነው...» ይላሉ፤ የሚነግሩት ግን እኔን አልነበረም።

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በሩን ከፈቱት።

ጸጥ አለ።

ፈንታው በሩ አጠገብ አልነበረም። ወዲያ ጥግ ቆርቆሮው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። በብብቱ ይዤ ጎትቼ እስከ ግራሩ አወጣሁት፤ ውሃ ደፋሁበት፤ ስሙን ጠራሁት። ቆይቶ... ቆይቶ ሳል ጀመረው። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

«አብሽር፣ ወጥተሃል» አልኩት። «ለመሆኑ አንኳኩተህ ነበር?»

«ምን ማንኳኳት?» አለ ድምፁ ተቆራርጦ። «አርባ ሳልመታ ራሴን አዞረኝ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ነገር የለም።»

ለሹሙ «ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል፤ ለታሰበው ሥራ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። ምን ዋሸሁ? የሰደበኝን ሰድቦ ተወኝ። ክፍሉም ለዚያ ሥራ ሳይውል ቀረ።

ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ በፊት ያየሁት ነው።

ፈንታው እያሳለ ክንዴን ጨመቀኝ።

«ኢንጅነሩ... ወደ በሩ እይ።»

ጋሽ ብዙነህ አልተከተሉንም ነበር። በሩን በጀርባቸው ደግፈው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ እጅ ነስተው ቆመዋል።

«ግቡ አባባ...» ይላሉ በትሕትና። ፈቀቅ ብለው ያሳልፋሉ። «ግቢ እናቴ... ቀስ... ልጁን እኔ ልያዝልሽ...»

ደጁ ባዶ ነው። የሚገባ ሰው የለም።

በማንገቻው አንገቴ ላይ የቀረው መለኪያዬ ጉልበቴ ላይ አርፎ ነበር። ጋሽ ብዙነህ ይናገራሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። መርፌው ከፍ የሚለው ዝም ሲሉ ነበር... ከፍ፣ ዝቅ... ከፍ፣ ዝቅ... እግር በእግር እየተከተለ እንደሚገባ ሰው።

ፀሐይ በዓባይ በኩል እስክታዘቀዝቅ አስገብተው አልጨረሱም።

ያን ሁሉ ሰዓት ደግሞ ግራ ክንዳቸውን አላወረዱትም። ሕፃን እንደ ታቀፈ ሰው ባዶውን አጥፈው፣ ቀስ እያሉ ያወዛውዙት ነበር።