የሃርላን መኪና በቁልቁለቱ ላይ

«ልጅዎ የጠገነውን መኪና መልሶ ነድቶ ይፈትሻል?»

መርማሪ ኦርቴጋ የቨርና መኖሪያ መኪና ደረጃ ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ቨርና የዕቃ ማድረቂያውን ፎጣ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቷ ሃርላን ከነመኖሪያ መኪናው ከተራራው መንገድ ወጥቶ ገደል ገብቶ ሞቷል። ማክሰኞ የዚያን አሮጌ መኪና ክሩዝ የሚባለውን ክፍል የጠገነው ደግሞ ልጇ ከርቲስ ነው። እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ፍጥነቱን ራሱ ይዞ የሚሄደው ያ ነገር፣ ፍሬን ሲረገጥ ወዲያው መልቀቅ አለበት። ሰፈሩ በሙሉ አልለቀቀም እያለ ነው።

«ይመስለኛል» አለች በመጨረሻ።

መርማሪዋ ጻፈችው። ቨርና ቃሉ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ልጇን በገዛ እጇ ያሰረችው መሰላት።

የሰፈሩን ወሬ ያስነሳው ሮይስ ነበር። በዚያ በረሃ ክረምቱን የሚያሳልፉ ጡረተኞች አሮጌ መኪና ብቻውን ቁልቁለት አይወርድም ይላሉ፤ ስለዚህ ሮይስ በፒክአፑ ከኋላ ይከተል ነበር። በእጅ ሬዲዮ የሰማውን ለመርማሪዋ ነገራት።

«‹ሮይስ፣ ክሩዙ አልለቅ አለኝ፤ ፍሬን ብረግጥም ይጎትተኛል› አለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።» ወደ ቨርና ዞሮ ትከሻዋን ነካት። «ልጅሽ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቸኩሎ ነው።»

ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ይህን አዘኔታ ግን አልቻለችውም።

ከርቲስ ረቡዕ ማለዳ ለሥራ ወደ ዩማ ከተማ ሄዶ የተመለሰው ሐሙስ ከሰዓት፣ ሬሳው ከተነሳ በኋላ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ፍሬን ሲረገጥ ክሩዙን የሚያጠፋውን ቁልፍ ሁለቴ አይቼዋለሁ።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴ ይመስለኛል።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺም ትጠራጠሪኛለሽ?»

ቨርና ሾርባ ላሙቅልህ ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

አርብ ጠዋት መርማሪዋ የሃርላንን ሚስት ሞሪንን ስታነጋግር ቨርና አጠገቧ ነበረች። ሞሪን ፊደል የምታስተምራት ሰው ናት፤ ዛሬ ግን ተማሪዋ አስተማሪዋን እጇን ይዛ ተቀምጣለች። ሞሪን በቀስታ ሁሉንም ተናገረች። ረቡዕ ሃርላን ከተማ ነድቶ ሄዶ በሰላም ተመለሰ። ማታ እንደ ልማዱ ከሞተሩ ሥር አዲስ ካርቶን አነጠፈ፤ ነገ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ለማየት። ሐሙስ ጠዋት ሮይስ የጎማውን ታኮ አነሳለት፤ ከኋላ ቆሞም መብራቶቹን አየለት።

«ኮፈኑንስ የከፈተ ሰው ነበር?»

«ሮይስ። ሃርላን ሲላጭ ‹ዘይቱን ልይለት› ብሎኝ።»

መርማሪዋ ከዚያ ቨርናን ቤቷ ድረስ ሸኘቻት። ጠረጴዛው ላይ የጎረቤት ባዶ ማሸጊያዎች ተደርድረዋል፤ የሳሙና፣ የብስኩት፣ የመድኃኒት። ቨርና አፍራ ልትሰበስባቸው ስትል ኦርቴጋ አንዷን ትንሽ ካርቶን አነሳች።

«ይህቺ ከየት መጣች?»

«ከሃርላን። የማነበው ነገር ይሰጠኛል። ረቡዕ ማታ አዲስ የፍሬን መብራት አምፖል አስገብቶ ማሸጊያውን ሰጠኝ።»

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

ቨርና ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር አደረገች። «ኤል… ኢ… ዲ።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የእርስዎም መኪና ከሃርላን ጋር አንድ ዓይነት ነው አይደል? ከሰዓት ያውሱኛል?»

ቅዳሜ ሰፈሩ ፓንኬክ በሚበላበት አዳራሽ ኦርቴጋ አራቱን አስቀመጠች፤ ሞሪንን፣ ሮይስን፣ ቨርናንና ከርቲስን። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«አቶ ሮይስ፣ ሐሙስ የፍሬን መብራቶቹ ይበሩ ነበር?»

«ከመቼውም በላይ። ዓይን ይወጋሉ።»

«አዲስ ስለነበሩ ነው። ከርቲስ፣ ክሩዙን ስትሠራ አሮጌዎቹ አምፖሎች ነበሩ?»

«አዎ።» ወጣቱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ኤል ኢ ዲ አስገብቶባቸዋል?»

«ንገራቸው።»

«እንደዚህ ያለ አሮጌ መኪና ክሩዝ ሥራ የሚጀምረው የኤሌክትሪክ መስመሩን በፍሬን መብራት አምፖሉ ውስጥ ባለው ቀጭን የብረት ክር በኩል ሲያገኝ ነው። ኤል ኢ ዲ ክር የለውም። ስለዚህ ክሩዙ ፈጽሞ አይዝም።»

«ትናንት በእናትህ መኪና ሞከርነው» አለች ኦርቴጋ። «በአዲሶቹ አምፖሎች አልያዘም፤ አሮጌዎቹን ስንመልስ ያዘ። ያልያዘ ነገር አልለቅ አይልም። ሃርላን በሬዲዮ ያን ሊናገር አይችልም።»

ሮይስ የቀዘቀዘ ፓንኬኩን በሹካ ገፋ አደረገ። «ደንግጦ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ሃርላን ሳይሆን እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት፤ ወሬውን ሲፈጥሩ አምፖሉ መለወጡን አይተዋል እንጂ ክሩዙን እንደሚያጠፋው አላወቁም። አሁን ፍሬኑ ለምን እንዳልያዘ ልንገራችሁ። ሃርላን ከሞተሩ ሥር ባነጠፈው ካርቶን ላይ የፍሬን ዘይት ተንጠባጥቧል። ረቡዕ ማታ ካርቶኑ አዲስ ነበር፤ ከርቲስ ደግሞ ዩማ። ከስብርባሪው ውስጥ ሁለቱም የፍሬን ቧንቧ ዳዶዎች ላልተው፣ አዲስ የመፍቻ ጭረት ይዘው ተገኝተዋል። በመሀል ኮፈኑን የከፈተ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ለምን ብዬ ነው ጓደኛዬን የምገድል?»

«ባለፈው ክረምት በፒክአፕዎ ገጭተውት ስላመለጡት ብስክሌተኛ። ሃርላን አብሮዎት ተቀምጦ ነበር። ‹ጓደኛዬ ሲገጭ አጠገቡ ነበርኩ› ብሎኝ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ቢሮዬ ሊመጣ በስልክ ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ሲቀር ነው ወደዚህ የመጣሁት።»

ሞሪን ሮይስን አየችው። «እባክህ ተናገርና ይቅለልህ እያለ ሦስት ወር ለመነህ» አለች። «ለኔ አልነገረኝም። በግድግዳው ሰማሁት እንጂ፣ ምን እንደሆነ አላወቅኩም።»

ፖሊሶቹ ሲይዙት ሮይስ ሹካውን በጥንቃቄ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ከርቲስ መጡ። ይቅርታ ያለ አልነበረም፤ ጄኔሬተራችንን እይልን፣ ፓምፑ ይንጫጫል አሉ። እሱም አየላቸው፤ የተበላሸውን ጠገነ። እናቱ ግን መሣሪያውን በየሳጥኑ ሲመልስ አይታ ሊሄድ መሆኑ ገባት።

«እኔም ተጠራጥሬህ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

እሁድ ጠዋት ከርቲስ መሣሪያውን ሁሉ ጭኖ ወደ ዩማ ሄደ። ቨርናና ሞሪን እዚያው ቀሩ።