ከጥቁሩ መኪና ሥር

የጥርስ ሐኪሙ ከገዛ መኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ደረቱ ተጨፍልቆ የተገኘው ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተመልሳ የመኪና ቤቱን በር ስትገፋ ሁለት ጫማ ታያት። መርማሪዋ እስክትደርስ ጎረቤቶች ተረባርበው መኪናውን በወፍራም እንጨት ፈንቅለው አስከሬኑን አውጥተው ነበር።

ለሟቹ መኪናውን የሸጠለት የሚስቱ ወንድም ነው፤ ያገለገሉ መኪኖች ይነግዳል። ጥቁር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ መኪና ነው። ሻጩ ከእህቱ ቀድሞ ለመርማሪዋ አስረዳ።

«አደጋ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። የዚህ መኪና ሞላ እንደ ሌላው ብረት አይደለም፣ በአየር የሚነፋ ከረጢት ነው። አዝራር ሲጫኑት መኪናው ራሱን ከፍ ያደርጋል። ሲያረጅ ግን አየሩ ሳይታሰብ ይተነፍሳል። ከሥር ዘይት ያፈስ ስለነበር እሱ በአዝራሩ ያነሳውና ከሥሩ ይገባ ነበር። ስንቴ ተው ብዬዋለሁ።»

«ሲገባ አይተውታል?»

«ባለፈው እሁድ፣ እዚሁ ቆሜ። አዝራሩን ተጫነ፣ መኪናው ብድግ አለ፣ እሱም ሾልኮ ገባ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ «እሁድ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የመኪናውን አፍንጫ በሁለት እጇ ተጭና ለቀቀችው። መኪናው እምቢ እንዳለ በቅሎ ደረቅ ብሎ መለሳት። ጉልበቷን መሬት ላይ አድርጋ በባትሪ ከጎማው በላይ ያለውን ለረጅም ጊዜ አየች። ስትነሳ ወለሉን አስተዋለች። የፈሰሰውን ዘይት አቋርጠው ወደ በሩ የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ ትናንሽ የብረት ጎማዎች ያለፉበት ይመስላል።

ሚስቲቱ ሳሎን ውስጥ የተማሪዎቿን ደብተር እንደታቀፈች ተቀምጣለች። ማስቀመጡን ረስታዋለች።

«ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት አስተማሩ?»

«እስከ ስምንት ተኩል። ሠላሳ አራት ልጆች ፊት ነበርኩ።»

«ባለቤትዎ ከወንድምዎ ጋር ሰላም ነበሩ?»

«ከሁለት ወር ወዲህ ተኳርፈዋል። ለምን እንደሆነ ሁለቱም አልነገሩኝም። እሁድ ምሳ አብረን በላን፤ ሁለቱም ጎርሰው ዝም።»

«መኪናውስ?»

ጥያቄው ግራ አጋባት። «መኪናው… መጀመሪያ እንደ አልጋ ነበር። ከወር ወዲህ ግን ተሳፍሬበት ስወርድ ወገቤ ይቆረጣል። ስነግረው እርጅና ነው እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ የሐኪሙን መኪና የሚያበጀው መካኒክ ዘንድ ሄደች። ሲሠራ አፉ ስለማያርፍ «ፉጨት» ይሉታል። የዚያን ቀን ግን አያፏጭም።

«እኔን ነው የምትጠረጥሩት?» አለ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ።

«ስለ መኪናው ንገረኝ።»

«ምኑን ልንገርዎት? በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ገዛው፣ ሌላውን ግማሽ እኔ ጋ ጨረሰው። አንዱን ስናበጅ ሌላው ይበላሻል። የዘይት መፍሰሱን ለማቆም ሞተሩን ማውረድ ያስፈልጋል። የአየር ሞላው ለአንድ ጎማ ብቻ የእኔን የአራት ወር ገቢ ይፈጃል፤ አራት ጎማ ነው ያለው። አየሩን የሚነፋው ሞተርም ተቃጥሎ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

ፉጨት ወደ በሩ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላት። እሷም እንደጠበቀችው ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ያን ያህል የተኩራራበት መኪና ነው፤ አፍሮ እንዳትናገር አለኝ። ለሚስቱም ጭምር።»

«መኪና ማንሻ ክሪክህስ?»

«ትልቁን፣ ባለ ጎማውን ሐሙስ ወሰደው፤ የዘይቱን መፍሰሻ ራሴ ልየው ብሎ። እጀታውን ቢጫ የቀባሁት ነው።»

መርማሪዋ የመኪና ቤቱን ወለል፣ መደርደሪያውንና ማዕዘኑን በሐሳቧ ዞረችው። መኪና የሚነሳበት ክሪክ አላየችም። ስልኳን አውጥታ ሁለት ፖሊሶችን የፍተሻ ፈቃድ አስይዛ ላከች፤ ራሷ ወደ ሟቹ ክሊኒክ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሚስቲቱን፣ ሻጩንና ፉጨትን ከመኪናው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ይህ መኪና ሲቆም ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ስንዝር አይሞላም» አለች። «ሰው አይገባበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ነበር። በምን? በአዝራሩ ነው ተብያለሁ። ፉጨት፣ ከጎማው በላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ብረት ነው» አለ መካኒኩ መሬት መሬት እያየ። «ከአምስት ሳምንት በፊት የአየሩን አውጥተን የብረት ሞላ አስገባን። የአየሩ ዋጋ አልተቻለም። የአዝራሩን ሽቦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሚስቲቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሻጩ አልተንቀሳቀሰም።

«እንግዲህ እሁድ ብድግ ሲል አይቻለሁ ያሉት መኪና በአዝራር ሊነሳ የማይችል ነበር» አለችው መርማሪዋ። «ትናንት ያነሳው ክሪክ ነው። ክሪክ ደግሞ የሚያወርደውን ቫልቭ ራሱ አይፈታም፤ ከወረደም በኋላ ዘይት አቋርጦ ከቤት አይወጣም። ገዳዩ ፉጨት ቢሆን ብረት መግባቱን ያውቃል፤ ክሪኩን እዚያው ትቶ ‹ክሪኩ ተንሸራተተ› ይል ነበር። እህትዎ በሰዓቱ ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ነበር። ክሪኩን የደበቀው ሰው ጥፋቱን በአየሩ ላይ ሊያላክክ የፈለገ ነው፤ አየሩ አሁንም እዚያ ያለ የመሰለው ሰው።»

«ግምት ነው» አለ ሻጩ።

«ክሪኩ ዛሬ ጠዋት ከእርስዎ መሸጫ ግቢ ተገኝቷል። እጀታው ቢጫ ነው፤ ጎማዎቹ ላይ ዘይት አለ።» ከቦርሳዋ ወረቀቶች አወጣች። «ይህ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ የነበረ ነው። ከጎርፍ የወጡ፣ የተነዱበት ኪሎሜትር ወደ ኋላ የተመለሰ፣ እርስዎ የሸጧቸው መኪኖች ዝርዝር። ሐኪሙ መክሮት አንዱን የገዛ ታካሚ ፍሬኑ እምቢ ብሎት እግሩን አጥቷል። ሐኪሙ ለሕግ ሊያመለክት ነበር።»

ሻጩ መኪናው ላይ ተደገፈ። ሲናገር ለእህቱ ብቻ ነበር።

«ልለምነው ነው የመጣሁት። ከሥር እንደተኛ ነው የመለሰልኝ። አልችልም አለኝ፤ ፊቱን እንኳ ሳያሳየኝ። እጄ… ቫልቩን እንዴት እንደፈታሁት አላውቅም።»

«ከወረደ በኋላ ክሪኩ በእጅህ ነበር» አለች እህቱ። «መልሰህ ማንሳት ትችል ነበር?»



«እችል ነበር።»

አላለቀሰችም፤ አልሰደበችውም። ፖሊሱ ወንድሟን ይዞ ሲወጣ ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ዝርዝሩ ላይ ያሉት ሰዎች አሁንም እየነዱ ነው?»

«አሥሩ አዎ። ደብዳቤ እናዘጋጅላቸዋለን።»

«ስልካቸው አለ?»

«ባልዎ ከየስማቸው ጎን ጽፎታል።»

ወረቀቱን ተቀብላ ሳሎን ገባች። ፉጨት ተከትሏት ገባና ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ስለ ፍሬኑ ቢጠይቋት የሚመልሰው እሱ ነው። ወደ መጀመሪያው ቁጥር ደወለች፤ ጥቂት ከጠራ በኋላ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ከኋላዋ የልጆች ሳቅና የሞተር ድምፅ አለ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች አስተማሪዋ። «አያውቁኝም። መኪናውን ቀስ ብለው ዳር ያስይዙና ልንገርዎት።»