ያልተዘጋው ስልክ

ሙእሚን ከከላላ መካነ ሰላም ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሰው የሚወደው ሾፌር ነበር። መንገድ ላይ ታማሚ ሲገጥመው ተሳፋሪውን አስፈቅዶ እስከ ጤና ጣቢያው በር ያደርሳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስልክ እያወራ ሰው የገጨ ሾፌር ሲባል ክፉና ሰካራም ሰው ብቻ እንዳይታየን ብዬ ነው። ሙእሚን ክፉም ሰካራምም አልነበረም።

ግን አመል ነበረበት። መሪ ላይ ሆኖ ስልኩ ከጮኸ አያልፈውም። ትራፊክ ሲያይ ጭኑ ሥር ይወሽቀዋል፤ ትራፊኩን ካለፈ በኋላ ያወጣዋል። ሚስቱ ጁማና ማዳመጫ ገዝታለት ነበር። “ጆሮዬን ያሳክከኛል” ብሎ ተወው።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጉም ከገደሉ ተነስቶ መንገዱን ዋጠው። የፊት መስታወቱ በትንፋሽ ስለሚሸፈን ሙእሚን የራሱን መስኮት ከፍቶ ይነዳል። አጠገቡ አቶ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ ደርሰው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ጁማና ነበረች።

“ተወው ልጄ፣ ስትደርስ ታናግራታለህ” አሉ አቶ ቸኮል።

“አብሽሩ አባባ፤ ይሄን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜም ብነዳው አልስተው።”

“ጨፍነህማ ነው አሁን የምትነዳው። ምን ይታይሃል?”

ሙእሚን ሳቀ። ስልኩን በግራ እጁ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

ጁማና የደወለችው ሽንኩርት አልቆባት ነበር። “እየነዳህ ነው እንዴ?” ብላ ጠየቀችው። “አዎ፤ ግዴለም፣ ንገሪኝ” አላት። ከሽንኩርቱ ወደ እህቷ ሠርግ ገቡና ጨዋታው ረዘመ። መኪናው ቀስ እያለ ወደ ግራ ሲሄድ ሙእሚን አላስተዋለም። አቶ ቸኮል “ሰው! ሰው!” ብለው ሲጮሁ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ስልኩም በመስኮቱ ወደ ውጭ ወደቀ። ግን ዘግይቶ ነበር። ሚኒባሱ አንድ መንገደኛ ገጭቶ ቁልቁል ተንሸራተተና ከብዙ ርቀት በኋላ ከቦይ ገብቶ ቆመ።

መካነ ሰላም ጁማና ግቢዋ ውስጥ ቆማለች። እዚያ ፀሐይ ነው። ጩኸቱንና ግጭቱን ሰማች። “ሙእሚን! ሙእሚን!” ብላ ተጣራች። የሚመልስላት የለም፤ ስልኩ ግን አልተዘጋም።

ከዚያ ሣር ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ቀጥሎ ትንፋሽ፤ እጆሮዋ ሥር የሆነ ያህል ቅርብ። የባሏ ትንፋሽ አልነበረም።

“እንቁ?” አለ ድምፁ።

ጁማና ይህን ድምፅ አታውቀውም።

“እንቁዬ፣ አንቺ ነሽ?”

መዝጋት ፈለገች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። አንዳች ነገር ግን ሳታስበው “አቤት አባባ” አስባላት።

“ጥጌን ይዤ ቆሜ ነበር እኮ። መብራቱን አይቼ ከመንገዱ ወርጄ ቆምኩለት። ምነው መጣብኝ?”

“አብሽሩ አባባ፣ ሰው እየመጣ ነው።”

“ምንም አይታየኝም እንቁዬ። ሁሉም ነጭ ነው።”

ትንፋሹ እየራቀ እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ የሩጫ ኮቴ መጣ፤ የባሏም ድምፅ “ያ አላህ! ሞቷል!” ሲል ተሰማ። ስልኩ የተዘጋው ያኔ ነው።

ሟቹ ዓባይነህ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። እንቁ አብራቸው የምትኖር ልጃቸው ናት።

ሙእሚን ለፖሊስ “በጉም ውስጥ ዘለው ገቡብኝ፤ ስልክ አልያዝኩም” አለ። አቶ ቸኮል ግንባራቸው ተመትቶ፣ አፋቸውን መክፈት አቅቷቸው ሐኪም ቤት ተኝተዋል። ከኋላ ከነበሩት ተሳፋሪዎች ግማሾቹ አንቀላፍተው ነበር፤ ያዩትም ለሾፌሩ አዝነው ዝም አሉ። በዋስ ተፈትቶ ቤቱ ሲገባ ለጁማና የነገራት አንድ ነገር ነው።

“ማንም ቢጠይቅሽ አልደወልሽልኝም።”

ጁማና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ማንሳት ፈራች። ማንም ይደውል፣ የደዋዩ ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ያ ትንፋሽ ይሰማታል። ስልኳን በጨርቅ ጠቅልላ እህል ውስጥ ቀበረችው። ሙእሚን “ጆሮሽ ነው” እያለ ይስቅባት ነበር። አንድ ቀን ግን የራሱ ስልክ ጠራና አነሳው። “ሃሎ? ሃሎ?” አለ። ነፋስ ብቻ ነበር፤ ከነፋሱ ውስጥ ደግሞ የሣር መንኮሻኮሽ። ስልኩን ከእጁ ጣለው።

“ኔትወርክ ነው” አለ። ስልኩን ግን ከወደቀበት አላነሳውም።

ጁማና ያን ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ፣ በስልኩ የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። “ጥጌን ይዤ ቆሜ ነበር እኮ” የሚለው ላይ ስትደርስ ሙእሚን ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

“እንዲህ አሉሽ?”

“ለእኔ አይደለም ያሉት። ለልጃቸው ነው። ልጃቸው ግን አልሰማችም።”

“ወላሂ፣ ማታ ማታ ጉሙ ነው፣ ጉሙ ነው እያልኩ ነው የምተኛው” አለ ሙእሚን። “እኔ ነኝ ጁማና። ጉሙ አይደለም።”

በማግስቱ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን አስተካከለ። ዛሬ እስር ቤት ነው፤ መንጃ ፈቃዱም ተነጥቋል።

ጁማና በአርባው ዕለት ወደ እንቁ ቤት ሄደች። ለቀስተኛው እስኪበተን ጥግ ላይ ቆይታ ማን እንደሆነችና በስልኩ የሰማችውን ተናገረች። እንቁ ፊቷ ሳይለወጥ አዳመጠቻት።

“እና አንቺ በእኔ ስም አቤት አልሽ?”

“አልኩ እህቴ። ይቅር በይኝ። እየነዳ መሆኑን እያወቅኩም አልዘጋሁም፤ ለዚህም ይቅር በይኝ።”

እንቁ ይቅር አልኩሽ አላለችም። ነጠላዋን አንስታ “ቦታውን ነይ ላሳይሽ” አለቻት።

ጉሙ ገና አገሩን አልለቀቀም። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው መንገዱ ዳር ደረሱ። እንቁ ወደ ሣሩ ጎንበስ ብላ፣ ሰው እንደጠራት ሁሉ፣ “አቤት አባዬ” አለች። ጠበቀች። ደግማ “አቤት” አለች።

ከጉሙ ውስጥ የመኪና ድምፅ መጣ። ሁለቱም ፈጥነው ጥጋቸውን ያዙ። አንድ አይሱዙ ልብሳቸውን እያራገበ አለፈ። ሾፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይስቅ ነበር። አላያቸውም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሾፌር ነው። ማን እንደሆንክ ሁለቱ ሴቶች አላወቁም፤ ስለዚህ ለሁላችሁም ልበል። ሕጉ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትን የሚከለክለው ትራፊኩ እንዲቀጣህ ብሎ አይደለም። ጥጉን ይዞ ለቆመው ሰው ብሎ ነው፤ እሱ ከዚያ ወዲያ የሚሸሽበት የለውም። ስልክህ ከጮኸ ዳር ይዘህ ቁምና አናግር፤ አለዚያም ይጩህ። አንቺም ደዋይዋ፣ አንተም ደዋዩ፣ የሞተር ድምፅ ከሰማችሁ “ቆመህ ደውልልኝ” ብላችሁ ዝጉ። ሽንኩርቱ ይቆያል።