አባባ የደፋው የእንጉዳይ ቡና

«አባባ! ምን እያደረግህ ነው?»

ታላቋ ልጅ የልብስ ስፌት ሱቁ በር ላይ ቆማለች። አባቷ ኩባያውን እጅ መታጠቢያው ውስጥ እየደፋ ሳለ ክው አለ። የደፋው ታናሿ ሚጣ ጠዋት ጠዋት በፔርሙስ የምትልክለትን የእንጉዳይ ቡና ነበር። የእንጉዳይ ዱቄት የተቀላቀለበት፣ ለጨጓራ ይስማማል የተባለለት።

«አፈር አፈር ይለኛል፤ በየቀኑ ነው የምደፋው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሚጣ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ልቧ ይሰበራል።»

«ተሽሎኛል ስትላት አልነበር እንዴ?»

«እሱስ ተሽሎኛል። ለሷ ብዬ የለመድኩትን ቡና ከተውኩ ሁለት ሳምንቴ፤ ጨጓራዬ እፎይ ብሏል።»

ቅናት አንገቷ ድረስ ሞላ። የሚጣ ልብ ይሰበራል፣ የሷ ግን ብረት ነው! አንድ ቀን እሷ የሠራችውን ሾርባ ቀምሶ በእንግዳ ፊት «ምነው፣ ጨው ተወደደ እንዴ?» ብሎ ስቆባት የለ?

ነገ ሚጣ በትምህርት ቤታቸው አዳራሽ «የእንጉዳይ ቡና የአባቴን ጨጓራ አሻለው» የሚለውን ጥናቷን ታቀርባለች። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሚጣ እንዲህ አለች፣ ሚጣ እንዲህ አደረገች፤ ኤጭ! እዚያ እጅ አውጥታ መናገር ብቻ በቂ ነው። «ይቅርታ፣ አባታችን እኮ ጠጥቶት አያውቅም።» አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ ታያት። ምን ይደበቃል፣ ደስ አላት።

ቤት ስትገባ ሚጣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሰንጠረዥ ታሰምራለች። አሥራ አራት ቀን ሙሉ «ቃር ቀንሷል፤ ሆድ መንፋት የለም» ብላ ጽፋለች።

«መጣሽ? ነገ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ እሺ? ከፈራሁ አንቺን ነው የማየው።»

«ምን አስቸኮለሽ፣ ገና ነገ አይደል» አለቻትና ቦርሳዋን ወረወረች። ወደ መኝታ ቤት ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች።

«ሚጣ።»

«አቤት?»

«አባባ ያንን ቡና አልጠጣውም። ሲደፋው አየሁት።»

እርሳሱ ቆመ። ሚጣ ቀና አለች። «ትዋሻለሽ! ቀንተሽ ነው!»

«አዎ፣ ቀንቻለሁ። ግን አልዋሸሁም።»

«ታዲያ በምን ተሻለው?»

«የድሮ ቡናውን ትቶ ነዋ!»

ሚጣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ሰንጠረዡን ረጅም ጊዜ አየችው። «አልቆልኛል በቃ። ነገ ምን ብዬ ልቆም ነው?»

ታላቋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ቅናቱ የትም አልሄደም፤ እንደ ቃር ደረቷ ላይ አለ። ላጲሱን አነሳችና አቀበለቻት።

«እውነቱን ትናገሪያለሻ፤ የለመደውን ቡና ትቶ ነው የተሻለው። በይ፣ ከርዕሱ ጀምሪ።»