ዘጠኝ አርፋለች

ይሄ ተረት አይደለም። ሆኗል፤ የደረሰውም በእኔ ላይ ነው። የማታምኑ ካላችሁ እዚሁ ጋ ዝለሉት። ሰው ለማሳመን የሚሆን ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

ደግሞ እንደ ሌሎቹ ታሪኮች እኩለ ሌሊት ላይ አልነበረም። መቃብር ቦታም አልነበረም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በምሠራበት ግቢ፣ ጥላ በሌለው ጠጠር ላይ ቆሜያለሁ።

ግቢው የባትሪ ግቢ ነው። የስልክ ባትሪ እንዳይመስላችሁ። አሥራ ሁለት ነጫጭ ኮንቴይነሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አውቶቡስ ያህላሉ፤ ውስጣቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ባትሪ ተደርድሮባቸዋል። ቀን ቀን የፀሐይ ማመንጫው የሚልከውን ኃይል ይጠጣሉ። ሲመሽ፣ ከተማው ሁሉ አምፖሉንና ምድጃውን ባንድ ጊዜ ሲያበራ፣ የጠጡትን መልሰው ይሰጣሉ።

ግቢው ሰው አይወድም። እሳት ይስባል ተብሎ ዛፍ አይተከልበትም። ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ክልክል ነው። ያለው ድምፅ የማቀዝቀዣዎቹ ጉርምርምታ ብቻ ነው... ቀኑን ሙሉ፣ ጥርሱን ነክሶ እንደሚራገም ሰው።

አለቃችንም ግቢውን ይመስላል። ፊት ለፊት "አንቱ" እለዋለሁ። ከኋላው ግን ሁላችንም "ፊውዝ" ነው የምንለው፤ በትንሹ ስለሚቃጠል።

እኛ ጋ አንድ ቃል አለች። ኮንቴይነሩ ከመስመር ተነጥሎ በሩን መክፈት ሲቻል፣ ፊውዝ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ በሬዲዮ "አርፏል" ይላል። "ሦስት አርፏል።" "ሰባት አርፏል።" ይቺን ሳይሰማ ማንም በር አይከፍትም።

ቃሏን ስጠላት! መርዶ ነው የምትመስለው። ግን ለመድናት።

የዚያን ቀን የዘጠኝ ቁጥር ማራገቢያ ተበላሸ። ከሁሉም ቀድሞ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ለምን እንደቀደመ አልገባኝም። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጣ... ወጣ... ሠላሳ ሰባት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አይወጣም፣ አይወርድም።

"ሠላሳ ሰባትማ የደህና ሰው ሙቀት ነው" አለች ሚጡ በሩ ላይ ያለውን መስኮት የመሰለ ትንሽ ስክሪን እያየች። "ትኩሳት የለውም። ይተኛና ይነሳ።"

ሚጡ የአክስቴ ልጅ ናት። ቴክኒሻን ናት፤ ሥራውን ያስገባኋት እኔ ነኝ። አክስቴ "አንድ ልጄን ነው የሰጠሁሽ፤ አደራ!" ብላኛለች። አደራ የሚባል ነገር ያናድደኛል። ቢሆንም አደራ አደራ ነው።

ፊውዝ በሬዲዮ ጮኸ።

"አንቺ ልጅ! ዘጠኝን ሳይመሽ ጠግኚልኝ!"

"ማታ ሰጥቶ ባዶ ሲሆን ብንገባ አይሻልም? አሁን ሙሉ ነው፤ አደገኛ—" አልኩ።

"ዲግሪሽ ያቀዘቅዘዋል? ካቀዘቀዘው አምጪና ለጥፊበት!"



"ኢንጅነሯ፣" አለች ሚጡ ሄልሜቷን እያጠበቀች፣ "ይሄ ሰውዬ ሚስቱንም በሬዲዮ ነው የሚያናግራት?"

"ሚስት ያለው ይመስልሻል?"

ተሳሳቅን። ዘጠኝ በር ላይ ቆመን ጠበቅን።

ሬዲዮው ተንጣጣ...

"ዘጠኝ አርፋለች።"

ተያየን።

"አርፋለች?" አለች ሚጡ። "ኮንቴይነር መቼ ነው ሴት የሆነው?"

ፊውዝ አንድም ዕቃ በሴት ጠርቶ አያውቅም። መኪናውን እንኳ "እሱ" ነው የሚላት።

ድምፁ የራሱ ነው። ግን አልጮኸም። ፊውዝ ሳይጮህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"ፀሐይ ናላውን አዙሮት ነው" አልኳት። "ከጀርባ ሄጄ እጀታውን ልቆልፍ። እስክመለስ ንክች እንዳታደርጊ።"

"ቶሎ በይ ብቻ፤ እየተቀቀልኩ ነው።"

ከኮንቴይነሩ ጀርባ፣ ፊውዝ ከክፍሉ መስመሩን ሲነጥል አብሮ የሚወርድ ቀይ እጀታ አለ። ወደ ታች ከሆነ ተነጥሏል ማለት ነው። እሱ ላይ ቁልፋችንን ሳናንጠለጥል አንገባም።

ዞሬ ደረስኩ።

እጀታው ወደ ላይ ነው።

ዘጠኝ አላረፈም።

ሬዲዮዬን አነሳሁ። "እጀታው አልወረደም እኮ! 'አርፋለች' አላሉም እንዴ?"

"ማን? እኔ?" ፊውዝ ነው፤ አሁን ይጮሃል። "ገና ምኑንም አልነካሁትም! ማንም እንዳይከፍት!"

ክው አልኩ።

"ሚጡ!"



"ሚጡዬ!"

ሮጬ ዞርኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሚጡ ውስጥ ናት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ጓንቶቿ እግሯ ሥር ወድቀዋል። መዳፏን ሽፋን የሌለው መዳብ ላይ አኑራለች፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደምትነካ ሴት፣ በስሱ።

አትንቀጠቀጥም። አትጮህም። ብልጭታ የለም። የተቃጠለ ነገር አይሸትም።

ስክሪኑ ሠላሳ ሰባት ይላል። ውስጡ ግን... በዚያ ፀሐይ፣ የራሴ ትንፋሽ እንደ ጭስ ሲወጣ ይታየኛል።

መብራት የያዘውን ሰው በእጅ አይነኩም። ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የላስቲክ ጓንቴን አጥልቄ በቀበቶዋ ጎተትኳት። እንደ ምሰሶ አልነቃነቅ አለች። እግሬን የበሩ ጠርዝ ላይ አስደግፌ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኳት...

ተያይዘን ጠጠሩ ላይ ወደቅን። አንዱ ጓንቴ ወልቋል። ባዶ እጄ አንገቷ ላይ ነው።

አልነዘረኝም። ግን ከቆዳዋ ሥር የሆነ ነገር ይጉረመረማል... ልክ እንደ ማቀዝቀዣዎቹ።

ከአንገቷ ወደ መዳፌ... ከመዳፌ ወደ ክንዴ ሲሄድ ተሰማኝ።

"አንቺ ነሽ ግቢ ያልሽኝ" አለች በሹክሹክታ።

"እኔ?"

"በሬዲዮ... 'ቆልፌያለሁ፣ ጓንትሽን አውልቂና ግቢ' አልሽኝ።"

ቀና ስል ፊውዝ እያለከለከ ሲሮጥ አየሁት። ሁለት እጁ ባዶ ነው። ሬዲዮውን ጥሎት ነው የመጣው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ደግሞ ከእሱ በቀር የሚገባ ሰው የለም።

ወገቤ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንጣጣ።

በፊውዝ ድምፅ... ቀስ ብሎ...

"አርፈዋል።"

ፊውዝ ባለበት ደርቆ ቀረ። የራሱን ድምፅ ነው የሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ።

ግን ፊውዝ ፊውዝ ነው። ስክሪኑ ላይ የኃይሉን መጠን ዜሮ ሲያይ ድንጋጤውም ለቀቀው።

"ባዶ? ጢም ብሎ የሞላ ባትሪ ባዶ? ያን ሁሉ ኃይል የት አደረሳችሁት?"

"ሰው ልትሞት ነበር! የት አደረሳችሁት ትለኛለህ?" አንቱታው እዚያው ጠጠሩ ላይ ቀረ።

"ማታ ለከተማው ምን ልስጥ? እ? ምን ልስጥ?"

ጥዬው ሚጡን ወደ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ነርሷ የልብ ምት መለኪያ የሚጡ ጣት ላይ ሰካች። ምንም አላነበበም። ሌላ አመጣች። እሱም ምንም።

"እነዚህ ቆሻሻ ዕቃዎች!" ብላ ወረወረችውና የሚጡን አንጓ በእጇ ያዘች። ቆየች። በጣም ቆየች...

ከዚያ እጇን መንጭቃ ጋውኗ ላይ ጠረገችው።

"ደህና ናት። ይዘሻት ሂጂ።"

"ምቷ ስንት ነው?"

"ደህና ናት አልኩሽ እኮ! ሂዱልኝ። ሌላ በሽተኛ አለብኝ።"

ዓይኔን አላየችኝም።

ሦስታችን አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ ስንደርስ ለአክስቴ እውነቱን አልነገርኳትም። "ፀሐይ መትቷት ነው" አልኩ። ሚጡ ምግብ ሲቀርብላት ገፋችው። ውሃም አልፈለገችም።

"ጠግቤያለሁ" አለች። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ፀሐይ ጥልቅ ስትል መብራት ሄደ። አልገረመኝም፤ ዘጠኝ ባዶ ነው፤ የቀሩት ለሁሉም አይበቁም። ሠፈሩ ከዳር እስከ ዳር ድርግም አለ።

ከእኛ ቤት በቀር።

"እናንተ!" አለች ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ። "የማን ዘመድ ብትሆኑ ነው ለእናንተ ብቻ የበራው?"

"ልጆቼ እኮ የመብራት ሰዎች ናቸው!" አለች አክስቴ፣ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ኮራ ብላ።

"ታዲያ ለጎረቤት አይተርፍም? ስግብግብ ሁላ!"

ወጥቼ ቆጣሪውን አየሁት። ሞቷል። ከውጭ ወደ ቤታችን የሚገባ ምንም ነገር የለም።

መብራቱ ከውስጥ ነው የሚመጣው።

የሚጡን በር ከፈትኩ።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። መዳፏ ሶኬቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አናቷ ላይ አምፖሉ ቦግ ብሏል።

"ሚጡ... እጅሽን አንሺ።"

"እምቢ አለኝ።"

"አንሺ አልኩሽ!"

"እየቀነስኩ ነው..." ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። "ይሰማኛል። እየወጣ ነው።"

አምፖሉ ትንሽ ደከመ። የሚጡም ፊት አብሮት ገረጣ።

"ሲያልቅ ምን እሆናለሁ?"

  ጎንበስ ብዬ አንጓዋን ጨበጥኩና መንጭቄ ከግድግዳው አላቀቅኳት።

እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ። በረዶ ነው። ደረቷ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ትተነፍሳለች... አዎ፣ ትተነፍሳለች።

"ጠፋ?" አለችኝ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ቀና አልኩ።

አልጠፋም። እንዲያውም ደምቋል።

እሷን ስስብ እንዳልወድቅ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር። ዞሬ አየሁ...

የእኔ መዳፍ ነበር፣ ሶኬቱ አጠገብ የተለጠፈው።