ስልሳ አራት፣ አርባ ሦስት

«እንካ ያዝ!» አለ አስር አለቃው፣ የፍጥነት መለኪያውን ራዳር እያቀበለው። «ዓይንህ ደም መስሏል። እንቅልፍ አልወሰደህም እንዴ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

ዋሸ። ስምንት ወር ሙሉ እየዋሸ ነው የኖረው። ለአስር አለቃው የሥራ ባልደረባው የሆነ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ለላኩት የስለላ ሰዎች ግን «ምስማር» ነው።

በዚህ ዳገት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሦስት አንድ ዓይነት ነጭ መኪኖች በየሁለት ደቂቃው ይወጣሉ። አንዷ ጥይት አይበሳትም፤ ውስጧ የታገተች የኬሚስትሪ ሊቅ አለች። ከኩርባው ማዶ ያደፈጡት ጓዶቹ ማስቆም የሚችሉት አንዷን ብቻ ነው።

የቷን?

ብረት የለበሰች መኪና ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ራዳሩ ይለያታል። ሞገዱ ሄዶ ከመኪናዋ ጋር ይላተምና ይመለሳል፤ እየቀረበች ከሆነ ድግግሞሹ ጨምሮ። ጭማሪው በበዛ ቁጥር ፍጥነቷም ያን ያህል ይበዛል። ይህን ያስተማረው ራሱ አስር አለቃው ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድም፣ ሳይሰለች።

የመጀመሪያዋ መጣች። ስልሳ አራት።

ሁለተኛዋ። አርባ ሦስት።

ራቅ ብሎ ሬዲዮውን ከፈተ። «ሁለተኛዋ ናት።»

«ሦስተኛዋ ናት» አለ ከሬዲዮው ማዶ የስለላ አለቃው፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ሽማግሌ። «ለልጆቹ ሦስተኛዋ በላቸው።»

ሦስተኛዋ ገና ብቅ እንኳ አላለችም። ጋሼ በምን አወቀ?

ሸጦናል።

የሬዲዮውን መስመር ቀይሮ ያደፈጡትን ጓዶቹን ጠራ። «ሁለተኛዋን! የጋሼን ቃል እንዳትሰሙ!»

ተኩሱ ተከፈተ። በዚያው ቅጽበት ሰው የጫነ አውቶቡስ ወደ ኩርባው ሲበር መጣ። አስር አለቃው እጁን ዘርግቶ መንገዱ መሀል ገባ። አውቶቡሱ ቆመ።

አስር አለቃው ግን ተባራሪ ጥይት መትቶት ወደቀ።

ምስማር ወዲያው እንዲሰወር ታዞ ነበር። እሱ ግን ተንበርክኮ የአስር አለቃውን አንገት ደገፈ።

«ሬዲዮህን ሰምቻለሁ» አለ አስር አለቃው እያቃሰተ። «ማነህ አንተ?»

«ባልደረባህ ነኝ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ስምህን ነው።»

ምስማር አፉን ከፈተ። ስምንት ወር ያልጠራው እውነተኛ ስሙ አልወጣ አለ። ሲታገል ሲታገል፣ የሚሰማው ሰው ጠፋ።

ሊቋ በሕይወት ወጣች። ጋሼም ከቀትር በኋላ ቢሮው ውስጥ ተያዘ።

በቀብሩ ማግስት የአስር አለቃው ሚስት ጣቢያው ድረስ ሄደች። «ያ ሁልጊዜ የሚያወራልኝ ባልደረባው የት ገባ? እንዴት ከቀብሩ ይቀራል?»

መዝገብ ያዡ የነገረችውን ስም እየፈለገ ገጾቹን ገለበጠ፤ ደግሞ ገለበጠ። «እህቴ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ጋ ሠርቶ አያውቅም።»

በዚያን ሰዓት፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ታክሲ ከሚጠብቁት ሰዎች ኋላ ተሰለፈ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።